ለየአውራጃው አንድ ዲስክ

በዚያ ዘመን ሰው የማይታሰርበት ምክንያት አልነበረም። በመናገሩ የታሰረ አውቃለሁ፣ ዝም በማለቱ የታሰረም አውቃለሁ። በስብሰባ ላይ በማዛጋቱ ሁለት ቀን ያደረ ጎረቤት ነበረኝ። ለሁሉም እኩል በማካፈሉ የታሰረ ሰው ግን ከኦቦ ገመቹ ሌላ ሰምቼ አላውቅም። እናንተም የምትሰሙ አይመስለኝም፤ ስለዚህ ጆሯችሁን አውሱኝ።

መሥሪያ ቤታችን ነቀምቴ ነበር። ስሙን አልጠራም፤ ስም መጥራት ያኔም አልጠቀመኝም። ሥራችን ማከፋፈል ነው። ከአዲስ አበባ ለጤና ጣቢያዎች መድኃኒት ይመጣል፣ እናከፋፍላለን። ሳሙና ይመጣል፣ እናከፋፍላለን። አንድ ጊዜ የግራ እግር ብቻ የሞላበት የቦት ጫማ ካርቶን መጣልን፤ እሱንም አከፋፈልን። አንድም አውራጃ ቅር አላለውም፤ ለሁሉም እኩል የግራ እግር ደርሶታላ!

የንብረት ክፍል ኃላፊው ኦቦ ገመቹ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ሰው ነበር። አንድ ፍሬ አስፕሪን ቢተርፍ ለማን እንደሚደርስ ሳይወስን ቤቱ አይገባም። ጴንጤ ነው፤ ቤቱ ውስጥ መዝሙር ዘምረሃል ተብሎ አንድ ጊዜ ታስሮ ወጥቷል። ትልቁ ችግሩ ግን መዋሸት አለመቻሉ ነው። አንዳንድ ሰው መዋኘት እንደማይችለው ሁሉ እሱም ውሸት ውስጥ ሲገባ ይሰጥማል።

እኔ ደግሞ የስታቲስቲክስ ሠራተኛ ነበርኩ። አባቴ ከጎጃም መጥቶ የቀረ ነው፤ እኔ የተወለድኩት እዚሁ ነቀምቴ ነው። በዚህም ምክንያት አማርኛዬን ጎጃሞች፣ ኦሮምኛዬን ወለጋዎች ይስቁበታል። እንግሊዝኛዬን የሚስቅበት ሰው ስላልነበረ ለኮምፒውተር ሥልጠና የተመረጥኩት እኔ ሆንኩ። አዲስ አበባ ሄጄ ለአጭር ጊዜ ተማርኩና ባለሙያ ተብዬ ተመለስኩ። ምን ያህል እንደማላውቅ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ይህን ደግሞ ለማንም አልተናገርኩም።

ኮምፒውተሩ ከውጭ አገር በእርዳታ የመጣ ነው። ለየጤና ጣቢያው የሚደርሰውን መድኃኒት ያሰላል ተብሎ ነበር። ነገር ግን ፕሮግራሙ የሚሠራው ላይብረሪ የሚሉት ነገር ካለው ነው። ላይብረሪ ማለት ፕሮግራሞች የጎደላቸውን እየተዋሱ የሚሠሩበት የጋራ ዕቃ ቤት ነው በሉት። ላኪዎቹ ታዲያ ይህን ዕቃ ቤት ሠርተው አልላኩልንም፤ የላኩልን ምንጩን ነው። ቤት ስትጠብቁ እንጨት፣ ሚስማርና ቆርቆሮ ለየብቻ ቢመጣላችሁ ማለት ነው። ግንባታው የእኔ ነው። እንጨቱና ሚስማሩ ደግሞ አምስት ዲስኮች ላይ ተበትኖ ተቀምጧል፤ አንደኛው ዲስክ ሁለተኛውን ይጠራል፣ ሁለተኛው ሦስተኛውን። አንዱ ከጎደለ አራቱ ከንቱ ናቸው።

ከሥልጠናው የተመለስኩ ዕለት በቀጥታ ወደ ንብረት ክፍል ሄድኩ።

«ኦቦ ገመቹ፣ አካም ጂርታ? ዲስኮቹ መጡ አሉ።»

«ናጋ፣ ናጋ! መጥተው ነበር» አለኝ ፊቱ እየበራ። «ተከፋፈሉ።»

«ምን ሆኑ?»

«ተከፋፈሉ። አንድ ለነቀምቴ፣ አንድ ለአርጆ፣ አንድ ለሻምቡ፣ አንድ ለጊምቢ፣ አንድ ለደምቢ ዶሎ። ማንንም አላስቀየምኩም።»

እኔም የመንግሥት ሠራተኛ ነኝና መጀመሪያ ከአፌ የወጣው ጥያቄ «አሶሳስ?» የሚል ነበር።

«ለአሶሳ አልበቃም። እንዳይከፋቸው መጽሐፉን ላክሁላቸው።»

መጽሐፉ የአሠራር መመሪያው ነው። የሳሙና ካርቶን ላይ ቁጭ አልኩ። ገመቹ ያመመኝ መስሎት ውሃ አመጣልኝ፤ ውሃውን እየጠጣሁ የሆነውን ሳስረዳው ፊቱ አመድ መሰለ። «ማሎ! ታዲያ አምስቱ አንድ ነገር ከሆኑ ለምን አምስት አደረጓቸው?» አለኝ።

ነገሩን ሳናሰማ ዲስኮቹን መልሰን ለመልቀም ተስማምተን ነበር። ግን በመሥሪያ ቤታችን ጓድ አበራ የሚባል ካድሬ ነበር፤ እሱ ሳይሰማው የሚቀር ነገር የለም። በሳምንቱ ስብሰባ ላይ ከበላይ እንግዶች ሊመጡ መሆኑን፣ ማሽኑንም ሊጎበኙ መሆኑን ነገረንና፣ «ይህ ማሽን ለምንድነው የማይሠራው?» ብሎ ጠየቀ። ሁሉም ጫማውን አየ። እኔም ጫማዬን እያየሁ ገመቹ እጁን ሲያወጣ በዓይኔ ጠርዝ ታየኝ። በጠረጴዛው ሥር ጭኑን ቆነጠጥኩት።

«ለምን ትቆነጥጠኛለህ?» አለ፣ ቤቱ ሁሉ እየሰማ። ከዚያም ብድግ ብሎ፣ «ጓድ አበራ፣ ዲስኮቹን ለየአውራጃው ያከፋፈልኳቸው እኔ ነኝ» አለ።

በማግሥቱ ወሰዱት። የተጠረጠረበት ወንጀል የኢኮኖሚ አሻጥር ነው። ቀበሌው የድሮ የእህል መጋዘን እስር ቤት አድርጎት ነበርና እዚያ አስገቡት። የአይጥና የጤፍ ሽታ አንድ ላይ የሚሸትበት ቤት ነው።

እዚህ ላይ ነገር አላሳምርም፤ ፈራሁለት። እስረኛ ያለበት ቤተሰብ በዚያ ዘመን የሚፈራው አንድ ቃል ነበር። ስንቅ ይዘህ በር ላይ ስትደርስ ዘበኛው ከተቀበለህ ሰውህ አለ ማለት ነው። «ከእንግዲህ ስንቅ አታምጣ» ካለህ ግን ማልቀስ ቢከለከልም የምታለቅሰው ያኔ ነው። የገመቹ ሚስት አዴ ሌንሴ በየቀኑ ከሰፈራቸው ከጨለለቂ ምሳ ይዛ ትመጣለች። ዘበኛው ወጡን በስንጥር እያማሰለ ይፈትሻል፤ ከዚያ ሰሃኑን ሲያስገባው እኔና እሷ እኩል እንተነፍሳለን።

«ያ ኦቦ ኮ፣ ወንድሜ» አለችኝ አንድ ቀን፣ «ያ ዕቃ ከሠራ ይፈቱታል?»

«ከሠራማ ምን ጥፋት አለ? የጠፋ ነገር ከሌለ ያጠፋ ሰው የለም» አልኳት፣ ሕግ የተማርኩ ይመስል። በዚያ አገር እየኖርኩ እንደዚህ ማሰቤ ሲገርመኝ ይኖራል። ብቻ ያን ዕለት አምኜበት ነበር፣ እሷም አመነችኝ፣ የነቀምቴው እጃችን ላይ ስለነበር እኔም የቀሩትን አራት ዲስኮች ለቀማ ወጣሁ።

አርጆ በዝናብ ገባሁ። የቅርንጫፉ ኃላፊ ዲስኩን ካዝና ውስጥ ቆልፎበታል። «ድርሻችንን ወስዳችሁ በምትኩ ምን ትሰጡናላችሁ?» አለኝ። ለሕዝብ ጥቅም ነው ብለው፣ «እኛስ የማን ሕዝብ ነን?» ብሎ መለሰልኝ። ስንከራከር ማደር ሆነና በመጨረሻ ጃንጥላዬን በመያዣነት አስቀምጬ ዲስኩን በሸሚዜ ውስጥ ይዤ ወጣሁ። ክረምቱን ሙሉ ወለጋን የዞርኩት ያለ ጃንጥላ ነው። አርጆዎች ጃንጥላዋንም ካዝና ውስጥ እንደቆለፉባት አልጠራጠርም።

ሻምቡ ላይ ግን ዕድል ቀናኝ። ዲስኩን የተረከበችው ጸሐፊ ብርድ እንዳይመታው ብላ የጥጥ ከረጢት ሰፍታለት፣ ከረጢቱንም በጥልፍ አስጊጣው ነበር። ስትሰጠኝ ልጇን ወደ ሩቅ አገር እንደምትሸኝ እናት ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እህል ውሃ ባይልለት ነው እንጂ እኛስ ወደነው ነበር» አለችኝ። በዚያ ጉዞ ሁሉ ስለ ዲስክ እንዲህ ያሰበ ሰው አላገኘሁም፤ ስለ ሰውም እንዲህ የሚያስብ ብዙ አላጋጠመኝም።

ጊምቢዎች ሰቅለውታል። ዲስኩ መሐሉ ላይ ቀዳዳ አለው አይደል? ቀዳዳ ያለው ነገር ሁሉ ለሚስማር የተሠራ ነው ብለው፣ አዳራሹ ውስጥ ከሦስቱ ጢማሞች ሥዕል ጎን ግድግዳ ላይ አንጠልጥለውት አገኘሁ። ለማውረድ እጄን ስዘረጋ ሊቀመንበሩ ጮኸብኝ። ከእነዚያ ሥዕሎች ጎን ያለ ነገር በስብሰባ ውሳኔ ካልሆነ አይወርድም። ስብሰባ ተጠራ። ምልዓተ ጉባኤ ጠፋ። ምልዓተ ጉባኤውን ስጠብቅ ወደ ደምቢ ዶሎ ሄጄ ልመለስ ብዬ ተነሳሁ።

የደምቢ ዶሎን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የማያውቅ አይጠይቀኝ። ቡና የጫነ መኪና ላይ፣ በጭቃ እየተጎተትን፣ ከምንነዳው ይልቅ የምንገፋው እየበዛ ደረስን። ዲስኩን ያለ ብዙ ንትርክ ሰጡኝ፤ ለካስ ምን እንደሆነ ስላላወቁ ከነፖስታው እንደታሸገ አስቀምጠውት ነበር። ደስ ብሎኝ ስመለስ ጊምቢ ሳልደርስ ኬላ ላይ ወታደሮች አስወረዱን።

ያን ጊዜ ጫካው ሰላም አልነበረም፤ ኬላው ላይ የሚፈተሸው ሁሉ በጥርጣሬ ነው። አንዱ አሥር አለቃ ዲስኩን ከፖስታው አወጣና ወደ ፀሐይ አንስቶ አገላበጠው።

«ይሄ ሸክላ ነው። የማን ዘፈን ነው?»

«ሸክላ አይደለም ጌታዬ፣ የኮምፒውተር ነው።»

«ክብ ነገር ውስጡ ይታየኛል። ይዞራልም» አለና በጣቱ አዞረው። «ጫካ ላሉት የተቀዳ መዝሙር ነው። እንሰማዋለን፤ ከሆነ ያኔ እንነጋገራለን።»

ኬላው አጠገብ ጋሽ ሸምሱ የሚባሉ የጉራጌ ነጋዴ ሻይ ቤት ነበራቸው፤ የሸክላ ማጫወቻ ያላቸውም እሳቸው ናቸው። አሥር አለቃው ዲስኩን ከልባሱ ቀዶ ሊያወጣ መታገል ጀመረ። ያ መርፌ አንድ ጊዜ ቢያርፍበት ያለቀለት ዲስኩ ብቻ አልነበረም። ነቀምቴ ላይ ሌንሴ ሰሃኗን ይዛ ስትመለስ ታየችኝ። «እባክዎ ጌታዬ፣ ሰው ታስሮበታል» አልኩ። አሥር አለቃው ይህን ሲሰማ ጭራሽ ጥርጣሬው ጨመረ።

ጋሽ ሸምሱ እኔን አዩ፣ ዲስኩን አዩ፣ ከዚያ ረጋ ብለው የማጫወቻውን ክዳን ከደኑ።

«መርፌው አልቋል» አሉ።

«ትናንት ሲዘፍን አልነበረም እንዴ?»

«ትናንት ነዋ ያለቀው። ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ጠብቁ፤ ሻይ እስከዚያው በእኔ ነው።»

አሥር አለቃው ሻዩን ጠጣ፣ ዳቦውንም ጨመረ፣ እኔንም ግማሽ ቀን በቁሜ አቆመኝ። መጨረሻ ላይ ሰለቸውና ዲስኩን ወረወረልኝ። ስንወጣ የሸክላ ማጫወቻ የመሰለ ነገር ከኋላችን መዝፈን ጀመረ፤ ዞር ብዬ ለማየት አልደፈርኩም። ጊምቢ ስደርስ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቶ ነበር፤ ዲስኩ በአብላጫ ድምፅ ወረደልኝ።

ነቀምቴ ስደርስ ወደ ቤቴ ሳልሄድ እስር ቤቱ በር ሄድኩ። ሌንሴ ቆማለች። ሰሃኑ ገብቷል። ነገር ግን ሰሞኑን ምግቡ ሳይነካ ይመለስላት ጀምሮ ነበር፤ ገመቹን ወደ ሌላ እስር ቤት ሊያዛውሩት ነው የሚል ወሬም ሰምታለች። የዚያ ሌላ እስር ቤት ስንቅ ተቀባይ የለውም። «ፍጠን ያ ኦቦ ኮ» አለችኝ።

ግንባታ ጀመርኩ። ዲስኩን ታስገባለህ፣ ትዕዛዝ ትጽፋለህ፣ ማሽኑ ያጉረመርማል፣ ከዚያ ስህተቶችህን እየዘረዘረ ይወርድልሃል። መመሪያው ቢኖር ይቀል ነበር። አሶሳ ስልክ ደውዬ ብጠይቅ መጽሐፉን ለሠራተኞች የእንግሊዝኛ ማስተማሪያ አድርገነዋል፣ ምዕራፍ ሁለት ላይ ነን፣ አንሰጥም አሉኝ።

ጓድ አበራ ደግሞ በየጠዋቱ መጥቶ አጠገቤ ይቀመጣል።

«ስህተቱ ከትናንት ቀንሷል?»

«ጨምሯል፤ ግን ጓድ፣ አንዱን ስናርም እሱ ሸፍኗቸው የነበሩት ናቸው ብቅ የሚሉት።»

«በዕቅዳችን መሠረት መቀነስ ነው ያለበት። ግለ ሂስ አድርግ።»

ግለ ሂስ አደረግሁ። ማሽኑ ፊት ቆሜ የንዑስ ከበርቴ ቸልተኝነቴን ዘርዝሬ አወገዝኩ። ማሽኑ በሂሱ አልተለወጠም። መብራት ሲጠፋ ሁሉም ነገር ከሀ ይጀመራል፤ መብራቱ ደግሞ ግንባታው ሊያልቅ ሲል ካልሆነ አይጠፋም። አንደኛው ክፍል ሌላ ክፍል ይጠይቀኛል፣ ያኛውን ሳመጣለት እሱ ደግሞ ሌላ ይጠይቃል። ልክ እንደ መሥሪያ ቤታችን ነው፤ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው መሄድ ብቻ። በመጨረሻ ችግሩ የራሴ ሆኖ ተገኘ። የሻምቡን ዲስክ ከጊምቢው ቀድሜ ማስገባት ሲገባኝ ያን ሁሉ ቀን ስገለብጠው ኖሬያለሁ።

አስተካክዬ አስጀመርኩት። ማሽኑ አጉረመረመ፣ አጉረመረመ፣ ዝም አለ። ስህተት የለም። ፕሮግራሙን ጠራሁት፤ ተነሳ። የነቀምቴ አውራጃን ጤና ጣቢያዎች አስገባሁለት፤ ለእያንዳንዱ የሚደርሰውን መድኃኒት በእኩል አካፍሎ ደርድሮ አሳየኝ። ገመቹን ራሱን ያየሁት መሰለኝ። ብድግ አልኩ፤ እልል ልል አፌን ከፍቼ ነበር።

በዚያው ቅጽበት ጓድ አበራ ገባ። ደስ ብሎታል። ከበሩ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ተቀምጦ እግሩን አነባበረ፤ ማሽኑን የሸፈነው የእኔ ጀርባ ነው።

«ለሚመጡት እንግዶች ሪፖርቱን እየጨረስኩ ነው» አለ። «የአንተ ሥራ ብቻ ነው የቀረው። ይህ ነገር በሠራ ማግሥት የገመቹ ፋይል ወደ ላይ ይሄዳል።»

«ሊፈታ?» አልኩት።

ሳቀብኝ። «አንተ ደግሞ! ማሽኑ ከሠራ ከመጀመሪያውም ደህና ነበር ማለት ነው። ደህና ማሽን ለምን ቆመ? ዲስኩ ስለተበተነ። ማን በተነው? ራሱ በጉባኤ አምኗል። እንግዲህ ለአሻጥር ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ?»

«ባይሠራስ?»

«ባይሠራማ ዕቃው ሲመጣም ብልሹ ነበር ማለት ነው። ኢምፔሪያሊስቶች የተበላሸ ዕቃ እንደሚልኩብን የታወቀ ነው። ያኔ የገመቹ ጥፋት ምኑ ላይ ነው? የተበላሸ ነገር ቢበተን ምን ይሆናል?» አሰበና፣ «ለሪፖርቱ እሱም መጥፎ አልነበረም» አለ። «ታዲያስ፣ ሠራ?»

እጄ ከኋላዬ ሄዶ የስክሪኑን ማብሪያ አገኘ። ጠፋ።

«አልሠራም ጓድ። የሚሠራም አይመስለኝም።»

እሱ ከወጣ በኋላ በሩን ቆለፍኩ። የገነባሁትን ላይብረሪ ከነፕሮግራሙ ከማሽኑ ላይ ሰረዝኩ። እሱ ብቻ አይበቃም፤ አዲስ አበባ ያለ ሌላ ባለሙያ ዲስኮቹን አግኝቶ ቢገነባውስ? አምስቱንም አንድ በአንድ እያስገባሁ አጸዳኋቸው። የአርጆን ሳጠፋ ጃንጥላዬ ትዝ አለኝ። የሻምቡን ሳጠፋ ከረጢቷን ጠረጴዛው ላይ እያየሁ ነበር፤ አለቀስኩ፣ አላፍርበትም። ጤና ጣቢያዎቹ እንደ ድሮው በእጅ ስሌት ይቀጥላሉ። ለመገንባት ክረምቱን የፈጀውን ነገር ለማፍረስ ከሰዓት በኋላዋ በቃች።

እንግዶቹ መጡ። አንደኛው ማሽኑን በጣቱ አንኳኳው፣ ሌላው የአቧራ መከላከያ ጨርቁን መልሶ አለበሰው፣ ከዚያ ምሳ በሉ። ጓድ አበራ ስለ ኢምፔሪያሊዝም ያደረገው ንግግር በጣም ተጨበጨበለት። በሳምንታት ውስጥ ገመቹ ተፈታ።

ጨለለቂ ቤቱ ሄድኩ። አልጋው ላይ ቁጭ ብሏል። ሸሚዙ የሌላ ሰው ሸሚዝ ይመስላል፤ ከፊት ጥርሶቹ ሁለቱ የሉም። ሌንሴ ከበሩ ጋ ቆማ ታየኛለች። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ እጄን ያዘኝ።

«እዚያ ሆኜ ልፈታ ብዬ አልጸለይኩም» አለኝ። «ምግብም ትቼ የጾምኩት ለማሽኑ ነው። ዋቃ ሆይ፣ እኔን ተወኝ፣ ያ ማሽን ብቻ ይሥራ እል ነበር። ከሠራ ጥፋቴ ይቀለኛል። ማንም አልነገረኝም፤ አንተ ንገረኝ። ሆጄቴ?»

ሠራ ወይ ማለቱ ነው። ሠርቶ ነበር። አንተን መስሎ፣ እኩል አካፍሎ ሠርቶ ነበር። ይህን ብነግረው ግን በሚቀጥለው ስብሰባ አንድ ሰው ስለ ማሽኑ ሲጠይቅ ገመቹ እጁን ያወጣል፤ ቢቆነጥጡትም ለምን ትቆነጥጡኛላችሁ ይላል። ሌንሴን አየኋት። ነገሩን ባታውቅም ከፊቴ ላይ የሆነ ነገር አንብባለች መሰለኝ፣ ተው በሚል ዓይነት አንገቷን ቀስ ብላ ነቀነቀች።

«ሂን ሆጄኔ» አልኩት። «አልሠራም።»

እጄን ለቀቀ። «እኔ ነኝ ያበላሸሁት» አለ፤ በእስር ቤት አላለቀሰም የተባለው ሰው እዚያ አልጋው ላይ እንደ ልጅ አለቀሰ። እኔም አጠገቡ ቁጭ ብዬ፣ ማሽን ነው ይበላሻል፣ አንተ ምን አደረግህ እያልኩ እስኪመሽ አጽናናሁት።